ከጎማው ሥር

ፓኔቬዢስ ዳር ላይ፣ የጋራዦች ሰልፍ፣ የብረት በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፤
ውጭ የጥቅምት ዝናብ፤ ውስጥ እኔ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ አሮጌ ኦዲ ሰማንያ።
አባቴ የተወው፤ አረንጓዴው ጠውልጎ፣
እንደ ጡረተኛ ቆሟል፣ ወገቡን በጥቁር ቀበቶ ሸብ አድርጎ።

ቀበቶው ጎማ ነው፤ ከፊት በር ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራት የሄደ፣
የመንገድ ጨው በልቶት፣ ጫፉ ተላቅቆ መሐሉ የተቀደደ።
ይውጣ አልኩ። ይለስልስ ጎኑ፤
እንቁላል ይምሰል፣ የሚያየው ሰው አይደናቀፍ ዓይኑ።

ጎረቤቴ ዚግማስ፣ የሠላሳ አምስት ቁጥሩ፣
ሲጋራ እንደነከሰ ብቅ አለ ከበሩ።
«ለባለሙያ ስጪው፤ ምን አመጣው ይሄ ጣጣ?»
«የጠየቀኝ ዩሮ መኪናውን ገዝቶ ለቤንዚን ይተርፋል፤ ከየት ላምጣ?»

የፀጉር ማድረቂያዬን ከቤት አምጥቼ፣
ሙጫው እስኪላላ ትንፋሹን ለቅቄ፣
የዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ አስገብቼ
ወዲህ ወዲያ ሳብኩ፤ እንደ መጋዝ ሳይሆን፣ ጥርሱን እንደሚጠርግ ሰው ተጠንቅቄ።
ክሊፑ አንድ ባንድ ጧ! እያለ ወጣ፤
ስምንተኛው እምቢ አለ፤ በካቻቢቴ ፈልቅቄው፣ የእኔንም ደም ይዞ መጣ።

ከሥሩ ያ የጥንቱ አረንጓዴ፣
ፀሐይ ያልነካው፣ ትናንት የተቀባ የሚመስል፤
አባቴ ከሐምቡርግ ሲነዳው ያየው፣
እኔ በሕይወቴ ያላየሁት ቀለም።
የሁለት ጣት ስፋት መንገድ፤ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣
የኋላው በር ጋ ሲደርስ ግን ተናደ።

እዚያ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ስቱኮ፣ በችኮላ ተለጥፎ የደረቀ፣
ብርጭቆ ወረቀት ያልነካው፣ ቀለም ውስጥ ያልጠለቀ።

«ሃያ ስምንት ዓመት፣ አንድ ጭረት የለም!»
በየገናው እራት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ይምል ነበር አባቴ።
ቀና ብላ አታየውም ነበር፤
ሳህኗን በዳቦ ትጠርግ ነበር እናቴ።

ዚግማስ ጎንበስ አለ፤ አጨንቁሮ አየ፤
አመዱ ጫማው ላይ ወደቀ፤ ሲጋራው ከከንፈሩ ተለየ።
«ይቺማ የስኳር ፋብሪካው ምሰሶ ናት!
እናትሽ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን፣ ማታ፣ በጭጋጉ።
እኔ ባትሪ ስይዝ እሱ ስቱኮ ሲያቦካ ነጋብን።
‹ሰው እንዳይስቅባት› አለኝ፤ ጎማ ለጠፈበት።
በግራም ለጠፈ፣ በቀኝም፤ አንዱ ጎን ብቻ ቢሆን ያስነቃል ብሎ።»

እናቴ ግን ያኔ መሪውን እንደለቀቀች ናት።
ዛሬም ገበያ የምትወርደው በአውቶቡስ ነው፤ በሁለት ቁጥሩ።

ሰማንያ ቁጥር ወረቀት፤ መቶ ሃያ፤ ከዚያ የሦስት መቶው በውኃ።
ዙሪያውን ፋቅሁ፣ ዙሪያውን። መሐሉ ደሴት ሆኖ ቀረ፤
ደሴቱ ላይ አንድ አውራ ጣት፣ ስቱኮው ሳይደርቅ የሰመረ፤
ቀለበት በቀለበት፣ የተቆረጠ ግንድ ይመስላል።
የእኔን አስቀመጥኩበት። የእሱ ይሰፋል።

ልተወው? ቀለም ቢቀባ ያሳብቃል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ጉብታን ያጎላል።
እሱ ደግሞ ጉብታ አይወድም ነበር፤ ጠረጴዛ እንኳ ሲገዛ በመዳፉ ይዳስሳል።
ውኃ አፈሰስኩ።
ፋቅሁት።
ግራጫ ወተት እየሆነ ወለሉ ላይ ወረደ፤
ዚግማስ አንዳች ሳይል፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

አንቲሩጅን ቀባሁ፤ ሲደርቅ በመዳፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩበት፤
የት እንደነበረ አጣሁት።

ማታ ስልኬን አወጣሁ፤ «መሪው ቀላል ነው፣ እሑድ ነይ ንጂው» ልላት፤
አውራ ጣቴን አኖርኩበት።
አላወቀኝም።
በሱሪዬ ጠረግሁት፤ ደገምኩ።
«እንደገና ይሞክሩ» ይላል ስልኩ።
ወደ አምፖሉ አቀረብኩት፤ መስመሩ ሁሉ ተፍቋል፤
ጣቴ፣ እንደ በሩ፣ ለስልሷል።